መሸብኝ፣ ነጋላት

እናቴ ስልክ ባነሳች ቁጥር ከሰላምታው ቀጥላ የምትጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፤ «እዚያ አሁን መሽቶብሃል?» እሷ አዲስ አበባ፣ እኔ ሜሪላንድ። ዓመታት ስላለፉ ልዩነቱን ከእኔ አስበልጣ ታውቀዋለች። ቢሆንም ትጠይቃለች። የጥያቄውን ክብደት ያስተዋልሁት በቅርቡ፣ አንድ የእጅ ሰዓት ማሰር ከጀመርሁ ወዲህ ነው።

ሰዓቱ አዲስ ነው፣ መልኩ ግን የ1960ዎቹ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ፊቱ እንደ ቆየ ወረቀት ገርጣ ያለ፣ ማሰሪያው ቆዳ፣ ባትሪ የማያውቅ፣ በየጠዋቱ በእጅ የሚሞላ። ጎኑ ላይ ባሉት ሁለት ቁልፎች እንደ ሩጫ ዳኛ ቆይታን ይለካል። ከዚያ በተጨማሪ በ24 ሰዓት አንድ ጊዜ የምትዞር ቀይ ቆጣሪ አለችው፤ የሌላ አገር ሰዓት የምታሳይ። በ1950ዎቹ አጋማሽ ሮሌክስ እንዲህ ያለች ቆጣሪ ለፓን አም አየር መንገድ አብራሪዎች ሠርቶ ነበር። እኔ የእናቴን ሰዓት አድርጌባታለሁ።

በመጀመሪያ የማረከኝ ቆይታ መለኪያው ነው። መጠሪያው ክሮኖግራፍ በግሪክ «ጊዜ ጸሐፊ» ማለት ነው፤ ደግሞም በእርግጥ ይጽፍ ነበር። በ1821 ፓሪስ ላይ ኒኮላ ሪዮሴክ ለፈረስ እሽቅድምድም ያቀረበው መሣሪያ ፊቱ ላይ የቀለም ጠብታ እያኖረ ነበር የሚለካው። ቆጣሪውን ካለበት በቅጽበት ወደ ዜሮ የሚመልሰውን ብልሃት ያመጣው ሌላ ሰው፣ አዶልፍ ኒኮል ነው፤ በ1844። ብልሃቱ የልብ ቅርጽ ያላት ትንሽ ብረት ናት። ቆጣሪው የትም ይቁም የት፣ ትንሽ መዶሻ ስታርፍባት ያቺ ልብ ተሽከርክራ ወደ መነሻዋ ትመለሳለች። ዛሬም በእጄ ላይ ያለው ሰዓት የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው።

ቆይታ አገር የለውም። የአፖሎ ተጓዦች በጠፈር ላይ ጠዋትና ማታ ስለሌላቸው፣ ሥራቸውን የሚቆጥሩት ሮኬቱ ከተነሣበት ቅጽበት ጀምሮ ነበር። በ1970 አፖሎ 13 ተጎድቶ ወደ ምድር ሲመለስ፣ ኃይል ለመቆጠብ ብዙው መሣሪያ ጠፍቶ ነበርና፣ መንገዳቸውን ያቀናላቸውን የ14 ሰከንድ የሞተር ቃጠሎ ከተጓዦቹ አንዱ ጃክ ስዋይገርት የለካው በእጅ ሰዓቱ ነው፤ በእጅ በሚሞላ ኦሜጋ ስፒድማስተር። እነዚያ 14 ሰከንዶች የበረራው መቆጣጠሪያ ባለበት ሂዩስተን ላይም አዲስ አበባ ላይም 14 ናቸው።

ሰዓት ግን አገር አለው። በ1884 ከ20 በላይ አገሮች ዋሽንግተን ላይ ተሰብስበው የዓለም ሰዓት ከግሪንዊች እንዲቆጠር ሲስማሙ ኢትዮጵያ በጉባኤው አልነበረችም። እኛ ዛሬም ቀኑን የምንጀምረው ከንጋት ነው። የፈረንጁ 7 የእኛ 1 ነው፤ በሰዓት ፊት ላይ ደግሞ 7 እና 1 ትክክል ፊት ለፊት ይቆማሉ። ልጅ ሳለሁ አባቴ በፈረንጅ አቆጣጠር የተሞላ ሰዓት ሲያጋጥመኝ ሰዓት ቆጣሪውን ከጫፉ ሳይሆን ከጭራው አቅጣጫ እንዳነብ አስተምሮኛል። ሁለተኛውን ሰዓት ማንበብ የለመድሁት ቀይ ቆጣሪ ሳላውቅ ነው ማለት ነው። እዚህ አሜሪካ ሰዓት ወደፊት በሚገፋባቸው ወራት፣ የእኔ ሰዓት 8 ሲል እናቴ «9 ሰዓት ሆነ» ትለኛለች። ቁጥሮቹ ጎረቤታሞች ናቸው። እኔ ግን ቁርስ ላይ ነኝ፣ እሷ ከሰዓት በኋላ ቡና አፍልታ።

እንግዲህ የምንጋራው ሰዓቱን ሳይሆን ቆይታውን ነው ብዬ ደመደምሁ። አንድ ቀን ስናወራ ቁልፉን ተጫንሁ፤ 20 ደቂቃ አወራን። 20ው ደቂቃ የእሷም የእኔም ነው፣ ማንም አይነጥቀንም። ደስ አለኝ። ደስታው ግን አልቆየም። ለእኔ ሥራ እንዳይረፍድብኝ እያሰብሁ ያለፈ 20 ደቂቃ ነበር። ለእሷ ቀኑን ሙሉ የጠበቀችው ነው። ፈላስፋው አውግስጢኖስ «ኑዛዜዎች» በተሰኘው ሥራው 11ኛ መጽሐፍ፣ ያለፈው ከሌለ የሚመጣውም ገና ከሆነ የምንለካው ምኑን ነው ብሎ ይጠይቅና፣ ነፍስ ውስጥ የቀረውን ነው ወደሚል መልስ ያዘነብላል። እሱ ልክ ከሆነ ቁልፉ የለካው 20 ደቂቃ የሁለታችንም አልነበረም።

ከዚህ ግራ መጋባት ያወጣኝ ቋንቋችን ነው። አማርኛ ጊዜን ብቻውን አይተወውም። ሌሊቱን ሲገላበጥ ያደረ ሕመምተኛ «ነጋልኝ» ይላል፣ መንገደኛ ሳይደርስ «መሸብኝ» ይላል፣ እንቅልፍ ሳያይ ያደረ ደግሞ «ነጋብኝ»። ፀሐይ መውጣቷ አንድ ነው፤ በአንዲት ፊደል ግን ለማን እንደወጣች፣ በማን ላይ እንደወጣች እንናገራለን። ሰዓት የሆነለት ወይም የሆነበት ሰው አለው። ቆይታውን ብቻ የለካ ሰው ይህን አላወቀም፤ 20 ደቂቃ ከመኝታ በፊትና 20 ደቂቃ በጠዋት አንድ አይደሉም። እናቴ «መሽቶብሃል?» ስትል ቁጥሩን አልጠየቀችኝም። ምሽቱ በእኔ ላይ እንዴት እንደ ወረደ ነው የጠየቀችኝ። ቀይዋ ቆጣሪም የምትጠቅመኝ ይህን እንድጠይቅ ስትቀሰቅሰኝ ነው፤ መልሱን ራሷ አታውቀውም።

ባለፈው ወር በሥራ ተወጥሬ ሁለት ቀን ሳልሞላው ቀረሁ። መካኒኮቻችን ከጣሊያንኛ ወስደው «ሞላ» የሚሉት ጥቅል ብረት ኃይሉን ጨርሶ ነበር። ስንጠራው ሞላ፣ ስንጠመዝዘው ሞላ፣ ቀጠሮ ሲደርስም ሰዓቱ ሞላ፤ ቃሉ ሁሉ አንድ ይመስላል። ቀይዋ ቆጣሪ 16 ላይ ቆማ አገኘኋት። አዲስ አበባ ግን አልቆመችም፤ በሁለቱ ቀናት አንድም ጊዜ አልደወልሁም። መሙያውን ሠላሳ ጊዜ ያህል ጠመዘዝሁ፣ ጆሮዬ ላይ አድርጌ መምታት መጀመሩን ሰማሁ፣ ቀይዋንም አስተካከልሁ። በእኔ በኩል በፈረንጅ አቆጣጠር ከምሽቱ 11 ሰዓት ነበር፣ ቀይዋ 6 ላይ አረፈች። ደወልሁ።

«እማዬ፣ ነጋላችሁ?» አልኋት፣ ሳታስቀድመኝ።

«ነጋልን፣ ልጄ» አለች። ጥቂት ዝም ብላ፣ «አንተስ፣ እስካሁን አልተኛህም?»