ትቶን የሄደውን ማን ይከተለው?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ፣ አሐዱ አምላክ፣ አሜን።

በዚህ ጽሑፍ ከ13 እስከ 17 ዓመት ያሉትን ታናናሾቻችንን በእምነት ስለ መምራትና ስለ መደገፍ ጥቂት ቁም ነገር ላካፍላችሁ አስባለሁ። እንድጽፍ ያነሣሣኝ የራሴ ጥፋት ስለ ሆነ ከእርሱ እጀምራለሁ።

ባለፈው ዓመት የታናናሾቹን ክፍል እንዳስተምር ተመድቤ ነበር። አንድ የ14 ዓመት ልጅ በየእሑዱ ትምህርቱ ከተጀመረ በኋላ ሹልክ ብሎ ይገባ ነበር። አንድ ቀን ትዕግሥቴ አለቀና በጓደኞቹ ፊት፣ «ሰዓት የማያከብር እግዚአብሔርንም አያከብርም፤ ውጣ!» አልኩት። አንገቱን ደፍቶ ወጣ። በሚቀጥለው እሑድ አልመጣም፤ ከዚያም በኋላ አልመጣም። እኔም በመዝገቡ ላይ «ቀሪ» እያልኩ መጻፌን ቀጠልኩ። በአራተኛው ሳምንት ስሙን ልሰርዝ ብዕሬን ሳነሣ፣ አብራኝ የምታስተምር እህት፣ «ቤታቸው የት እንደ ሆነ ታውቃለህ?» ብላ ጠየቀችኝ። አላውቅም ነበር።

ጠይቄ ሄድኩ። እዚሁ መካኒሳ፣ በእግር ከሩብ ሰዓት የማይበልጥ መንገድ ነው። እናቱ በደስታ ተቀብለው ቡና አፈሉልኝ። «ውኃ በፈረቃ ነው የሚመጣልን፤ የኛ ተራ ደግሞ ቅዳሜ ሌሊት ነው። እኔ ወገቤን ያመኛል። እስኪነጋ ሲቀዳ አድሮ በርሜሉን ሳይሞላ አይወጣም። ለመሆኑ ልጄ፣ ትምህርቱ መቼ ነው የሚከፈተው?» አሉኝ። ነገሩ ግራ ገባኝ። ለካስ ልጁ እንዳባረርኩት አልነገራቸውም፤ «ትምህርቱ ለጊዜው ቆሟል» ብሏቸው ኖሯል። በሰው ፊት ያዋረድኩት ልጅ የእኔን ገበና ሸፍኖልኝ ነበር። ያን ቀን ስለ ክርስትና ማን ማንን እንዳስተማረ እናንተው ፍረዱ።

ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 24 የተጻፈው የኤማሁስ መንገድ ታሪክ ከአእምሮዬ አልወጣም። ሁለቱ ደቀ መዛሙርት ተስፋ ቆርጠው ከኢየሩሳሌም ርቀው ይሄዱ ነበር። ጌታችን ከሙታን በተነሣበት ቀን ምን አደረገ? በኢየሩሳሌም ተቀምጦ እስኪመለሱ አልጠበቃቸውም። እነርሱ በሚሄዱበት መንገድ አብሯቸው ሄደ። በመጀመሪያ ምን እየተነጋገሩ እንደ ሆነ ጠየቃቸው፤ ኀዘናቸውን እስከ መጨረሻው አዳመጠ፤ ከዚያ በኋላ መጻሕፍትን ገለጠላቸው፤ በማዕድም እንጀራውን ሲቆርስ ዐወቁት። ወደ ኢየሩሳሌም ግን ጎትቶ አልመለሳቸውም፤ በዚያው ሰዓት ራሳቸው ተነሥተው ተመለሱ። እንግዲህ ቅደም ተከተሉን ልብ በሉ፤ መከተል፣ መጠየቅ፣ መስማት፣ ማስተማር፣ ማዕድ መቁረስ። እኔ ግን ከማስተማር ጀምሬ በማባረር ጨረስኩ።

የወጣቶች አባት የሚባለው ቅዱስ ዮሐንስ ቦስኮም ሥራውን የጀመረው ከተባረረ ልጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1841 ዓ.ም. በንጽሕት ፅንሰታ ለማርያም በዓል፣ ክህነት ከተቀበለ ከስድስት ወር በኋላ፣ በጣልያን አገር በቶሪኖ ከተማ ለቅዳሴ ይዘጋጅ ነበር። ባርቶሎሜዎ ጋሬሊ የሚባል ወላጅ አልባ የግንበኛ ሠራተኛ ወደ ዕቃ ቤቱ ብቅ አለ። የዕቃ ቤቱ ጠባቂ ቅዳሴ እንዲያገለግል ጠየቀው፤ ልጁ እንደማያውቅ ሲናገር በዱላ እየመታ አስወጣው። ዶን ቦስኮ ግን ወዳጄ ነው ብሎ አስጠራው። ከቅዳሴ በኋላ ስለ ወላጆቹ፣ ማንበብና መዘመር ይችል እንደ ሆነ ጠየቀው፤ ለሁሉም መልሱ የለም፣ አልችልም ነበር። በመጨረሻ ማፏጨት ይችል እንደ ሆነ ሲጠይቀው ልጁ ፈገግ አለ። አብረው ወደ እመቤታችን ጸለዩ፤ ትምህርተ ክርስቶስም ተጀመረ። በሚቀጥለው እሑድ ልጁ ጓደኞቹን ይዞ መጣ። ከዚያች ትንሽ ጅምር የሳሌዥያን ማኅበር ተወለደ። የማኅበሩ ሚስዮናውያን እ.ኤ.አ. በ1975 ዓ.ም. በመቀሌ ሥራ ጀመሩ፤ ዛሬ እዚሁ በእኛ መካኒሳም ቤት አላቸው።

ዶን ቦስኮ ወጣትን የማሳደግ ዘዴውን በሦስት ምሰሶዎች ላይ አቆመው፤ እነርሱም የሚያሳምን ምክንያት፣ ሃይማኖትና ደግነት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1884 ዓ.ም. ከሮም በላከው ደብዳቤም ወጣቶችን መውደድ ብቻ እንደማይበቃ፣ መወደዳቸውን እነርሱ ራሳቸው ሊያውቁት እንደሚገባ አሳስቧል። እኔ ያንን ልጅ እወደው ነበር ብል ውሸት አይሆንብኝም። እርሱ ግን ይህን በምን ያውቃል?

ምናልባት አንዳንዶቻችን፣ ይህ የአባቶችና የሲስተሮች ሥራ ነው እንል ይሆናል። ቤተ ክርስቲያን ግን እንዲህ አታስተምርም። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1965 ዓ.ም. ስለ ምእመናን ሐዋርያነት ባወጣው ድንጋጌ፣ ለወጣቶች የመጀመሪያዎቹ ሐዋርያት ወጣቶች ራሳቸው መሆን እንደሚገባቸው አስተምሯል። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስም እ.ኤ.አ. በ2019 ዓ.ም. ለወጣቶች በጻፉት ሐዋርያዊ መልእክት፣ በራችን ለሚጠራጠሩትና ለቆሰሉትም ክፍት እንዲሆን አደራ ብለዋል።

ዘመኑም ይህን ግድ ይለናል። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ሲወጣ ግማሹንና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ይህም ማለት ከመቶ ተፈታኞች ወደ 97ቱ አንገታቸውን ደፍተው ወደ ቤታቸው ገቡ ማለት ነው። በሰፈራችን የስልኩ፣ የውርርዱና የጫቱ ቤት እነዚህን ልጆች ሁል ጊዜ በፈገግታ ይቀበላቸዋል፤ አረፈድክ ብሎ የሚያስወጣቸው የለም። እኛ ያወጣነውን ሌላው ያስገባዋል።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ከስሕተቴ የተማርኩትን በአምስት ነጥብ ላስቀምጠው።

አንደኛ፣ በስም እንወቃቸው። ስም ስል የመዝገቡን አይደለም፤ ቤቱን፣ ወላጆቹን፣ የሚማርበትን ክፍል፣ ከትምህርት ውጭ የሚሸከመውን ሸክም ማለቴ ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነውና፣ እያንዳንዳችን አምስት አምስት ልጆችን ብንይዝ ማንም አይጠፋብንም።

ሁለተኛ፣ ከመናገራችን በፊት እንስማ። «እግዚአብሔር መኖሩን እጠራጠራለሁ» የሚል ልጅ ቢያጋጥመን ዝም አናሰኘው። ሐዋርያው ቶማስም ተጠራጥሮ ነበር፤ ጌታ ግን ቁስሉን አሳየው እንጂ ከማኅበሩ አላስወጣውም።

ሦስተኛ፣ ኀላፊነት እንስጣቸው። «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» የሚለውን ተረት በቤተ ክርስቲያን ግቢ እንተወው። ከበሮ መምታት፣ መልእክት ማንበብ፣ በሽተኛ መጠየቅ፣ ይህቺን ጽሑፍ ማባዛትና ማጠፍ የሚችሉ እጆች አሏቸው። ሥራ ያለው ልጅ ባይመጣ ይናፈቃል፤ እርሱም መናፈቁን ያውቀዋል።

አራተኛ፣ በብርሃን እንመላለስ። ከታናናሾቻችን ጋር የምንገናኘው ወላጆቻቸው እያወቁ፣ ሰው በሚያይበት ቦታ ይሁን። ተደበደብኩ ወይም ተደፈርኩ የሚል ልጅ ቢመጣ «ለማንም አልናገርም» ብለን ቃል አንግባ፤ ብቻችንን የምንሸከመው ነገር አይደለምና፣ ልጁን ሊያድን ለሚችልና ለሚታመን ታላቅ ሰው ወዲያው እናስታውቅ።

አምስተኛ፣ ግባችንን አንርሳ። ኳሱም፣ ሻዩም፣ ጨዋታውም መልካም ነው። የኤማሁስ መንገድ ግን የተጠናቀቀው በማዕዱ ነው። ልጆቹን ወደ ንስሐና ወደ ቅዱስ ቁርባን የማያደርስ ወዳጅነት በመንገድ ላይ የቀረ ነው።

«እንዲህ ከሆነ ሥርዓት ይጠፋል» የሚለኝ አይጠፋም። ዶን ቦስኮም ቢሆን ሥርዓት ነበረው፤ የሚደክመው ግን ጥፋቱ ከመድረሱ በፊት ልጁ አጠገብ በመገኘት ነበር። የእኔም ስሕተት ሰዓት ይከበር ማለቴ አይደለም፤ «ለምን አረፈድክ?» ብዬ ሳልጠይቅ መፍረዴ ነው።

በመጨረሻ፣ የልጁ ነገር እንዴት ሆነ ትሉኝ ይሆናል። በእናቱ ፊት ያባረርኩት እኔ መሆኔን ተናገርኩና ይቅርታ ጠየቅሁት። መሬት መሬት እያየ «ምንም አይደል» አለኝ። እኛም ሌሎቹን ልጆች ብንጠይቅ በዚያው በውኃ ምክንያት የሚያረፍዱ ሌሎች አራት ተገኙ፤ የክፍሉን ሰዓት ወደ ከሰዓት በኋላ አዛወርነው። ይሁን እንጂ ልጁ ወዲያው አልተመለሰም። ቃል በአንድ አፍታ ይወጣል፤ ያቆሰለው ልብ ግን እስኪሽር ጊዜ ይወስዳል። ለብዙ ሳምንት ቅዳሜ ቅዳሜ ኳስ ሊጫወት ብቻ ይመጣ ነበር፤ እኔም አብሬው እጫወት ነበር። ባለፈው ቅዳሜ ጫማውን እያሰረ ቀና ሳይል፣ «ጋሼ፣ የነገው ትምህርት ስንት ሰዓት ነው?» አለኝ።

ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ዛሬ መዝገባችንን ከፍተን «ቀሪ» የተባሉትን ስሞች እንይ። ከመሰረዛችን በፊት በዚህ ሳምንት የአንዳቸውን ቤት እናንኳኳ። በኤማሁስ መንገድ ተስፋ የቆረጡትን የተከተለ ጌታ እግራችንን ይምራልን፤ የእመቤታችን የቅድስት ድንግል ማርያም አማላጅነት፣ የቅዱስ ዮሐንስ ቦስኮም ጸሎት ከታናናሾቻችንና ከእኛ ጋር ይሁን። አሜን።