ደስታ በሽታ የተደበቀበት ቦታ

እ.ኤ.አ. በ1887 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እ.ኤ.አ. ናቸው) ለኢጣሊያ ጦር ቀለብ ተብለው በመርከብ ወደ ምፅዋ የመጡ ከብቶች ደስታ የሚባለውን በሽታ ይዘው እንደገቡ ብዙ የታሪክ ጸሐፊዎች ይናገራሉ። በሽታው ከባሕሩ ዳር ተነሥቶ በትግራይ አድርጎ ሸዋ ደረሰ፣ ወደ ደቡብም ወረደ። በአገሪቱ ከነበረው ከብት ከአሥሩ ዘጠኙ እንዳለቀ ይገመታል። በሬ ጠፍቶ መሬቱ ጦም አደረ፤ ክፉ ቀን የተባለው ረኃብም እስከ 1892 ዘለቀ። አፄ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው በመቆፈር ለሹማምንቶቻቸው አርአያ የሆኑት በዚያ ጊዜ ነበር።

ስለ ክፉ ቀን ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚነሣው በሬው ነው። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ የላሟና የኮርማው ዕጣ ነው። በሬ ቢሞት ወይፈን ይተካዋል፤ ላምና ኮርማ ካለቁ ወይፈኑ ራሱ ከየት ይመጣል? የሎዴ ሄጦሳ ወረዳ ከተማ በሆነችው በሁሩታ ሆኖ የሥጋ ከብት የሚያረባ ሰው ይህን ታሪክ ማወቅ የሚገባው ለዚህ ነው። አዳማ ዙሪያ ያለው አድላቢ ኮርማ ገዝቶ ጥቂት ወራት ቀልቦ ይሸጣል፤ በሽታ ቢገባበት የሚጎዳው የአንድ ዙር ገንዘብ ነው። አርቢው ግን ላሞቹን ለዓመታት ስለሚያቆይ የገባበት በሽታ አብሮት ይከርማል።

የእንስሳት ሐኪሙ ዋልተር ፕላውራይት ኬንያ ውስጥ የሠራው የደስታ ክትባት አንድ ጊዜ የተወጋን ከብት ዕድሜውን ሙሉ ይጠብቅ ነበር። ከ1960ዎቹ ጀምሮ በአፍሪካ ታላቅ ዘመቻ ተካሄደበት፤ ኢትዮጵያም ተካፍላለች። ደስታ ተመናምኖ ሊጠፋ ደረሰ ሲባል በ1980ዎቹ መጀመሪያ እንደገና አገረሸ።

እንዴት? የዚህ በሽታ ቫይረስ የኩፍኝ ዘመድ ነው። የያዘው ከብት ወይ ይሞታል፣ ወይ ድኖ ቫይረሱን ከሰውነቱ ያስወጣል፤ ተሸክሞት የሚኖር የለም። ስለዚህ በሽታው በሕይወት የሚቆየው በየጊዜው ያልተያዘ ጥጃ ሲያገኝ ብቻ ነው። ይህ ደግሞ የሚሆንለት ትልልቅ መንጋ እየተዘዋወረ በውኃና በግጦሽ በሚገናኝበት ቆላ ነው። ክትባቱ ግን መኪና በሚገባበት ደጋ፣ አስቀድሞ ለተከተበ ላምና በሬ በየዓመቱ ይደጋገም ነበር። ጥጃውም ቢሆን የእናቱን እንገር ስለጠባ ለጥቂት ወራት ክትባቱ አይሠራለትም፤ ያ ጊዜ ካለፈ በኋላ የሚመለስለት ከሌለ ሳይከተብ ያድጋል። ብዙ መርፌ ተወግቶ በሽታው የቆየው በዚህ ምክንያት ነው።

በ1990ዎቹ መጀመሪያ ባለሙያዎቹ ጥያቄውን ቀየሩት። ስንት ከብት ተከተበ ከማለት ይልቅ በሽታው የት ነው የሚኖረው ብለው ጠየቁ። ዋናው መደበቂያ አፋር ሆኖ ተገኘ። መኪናና ማቀዝቀዣ በማይደርስበት በዚያ ቆላ ተመራማሪው ጄፍሪ ማሪነር ያዘጋጀው ክትባት ጠቀመ፤ ሙቀት ስለሚችል ያለ በረዶ ለሳምንታት ይቆያል። ከታቢዎቹም ከአርብቶ አደሮቹ መካከል ተመርጠው የሠለጠኑ ሰዎች ነበሩ። በ1994 እነዚህ ሰዎች 73 ሺህ ያህል ከብት ከተቡ፤ በምርመራም 83 በመቶው የመከላከል አቅም እንዳገኘ ታየ። ከኅዳር 1995 ወዲህ ደስታ በኢትዮጵያ አልታየም። ከዚያ በኋላ የተደረገው ደግሞ ድፍረት የሚጠይቅ ነበር፦ ክትባቱ ቆመ። የተከተበ ከብት ደም በበሽታው ከተያዘው ደም ስለማይለይ፣ ቫይረሱ መኖር አለመኖሩ የሚታወቀው ባልተከተበ ከብት ደም ነው። ኢትዮጵያ በ2008፣ ዓለም በሙሉ በ2011 ከደስታ ነጻ ተባሉ።

ወደ ሁሩታ ስንመለስ፣ ከደጋው የስንዴ ማሳ እስከ ስምጥ ሸለቆው ቆላ ያለው መንገድ ሩቅ አይደለም፤ ከብትም ይወርድበታል፣ ይወጣበታል። ዛሬ የሚያሰጉት በሽታዎች ግን እንደ ደስታ አይደሉም። አፍተግር ዓይነቱ ብዙ ስለሆነ ለአንዱ የተሰጠ ክትባት ከሌላው አያድንም። የከብት ሳምባ በሽታ ያገገመ በሚመስል ከብት ውስጥ ለወራት ይሸሸጋል። ውርጃ የሚያመጣው ብሩሴላ በላሟ ውስጥ ለዓመታት ይኖራል፣ በጥሬ ወተትና በጨነገፈ ጽንስም ወደ ሰው ይተላለፋል። ደስታን ያሸነፈው ጥያቄ እዚህ ይበልጥ ያስፈልጋል፦ በሽታው በእኔ መንጋ ውስጥ የት ነው ያለው? ለዘር ባዘጋጀሁት ኮርማ? ባለፈው ዓመት በገዛኋት ጊደር? ከጎረቤት ጋር በምንጋራው ውኃ?

ስለዚህ ለዘር ኮርማ ወይም ጊደር የምትገዙ አርቢዎች፣ ከብቱን ከመንጋው ሳትቀላቅሉ ለብቻው አቆዩት። ሦስት ሳምንት ለአፍተግር ይበቃ ይሆናል፤ ለሳምባ በሽታና ለብሩሴላ ግን ቀን መቁጠር ብቻ አይበቃም፣ የደም ምርመራ ጠይቁ። ሻጩን ላሞቹ ይጨነግፉ እንደሆነ ጠይቁት። ላማችሁ ብትጨነግፍ ጽንሱንና የእንግዴ ልጁን በባዶ እጅ አትንኩ፣ ለውሻም አትጣሉ፤ በጥልቀት ቅበሩትና በዚያው ቀን ለወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ንገሩ።