አንባቢው ባለ አደራ ነው



በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው የፈለግነው ጥያቄ አጭር ነው። በምእመናን ፊት ቆሞ ቅዱሳት መጻሕፍትን ማንበብ የድምፅ ማማር ጉዳይ ነውን? ወይስ የሥነ ምግባር ጉዳይ ነው? አንዱ ወጣት «ድምፄ አያምርምና ሌላ ያንብብ» ይላል። ሌላው ደግሞ ድምፁ ማማሩን ስለሚያውቅ ሳይዘጋጅ ይቆማል። ሁለቱ የተለያዩ ይመስላሉ እንጂ ሐሳባቸው አንድ ነው፤ ሁለቱም ንባቡን የአንባቢው ገንዘብ አድርገው ይቆጥሩታል። እኛ ግን ንባቡ የሰሚው ነው እንላለን።

ሰሚው ማን እንደ ሆነ እናስብ። በማክሰኝትና በዙሪያዋ ባሉ የገጠር ቀበሌዎች ከሚያስቀድሱት አባቶችና እናቶች መካከል ፊደል ያልቆጠሩ አሉ። እነርሱ ቤታቸው ገብተው መጽሐፉን ገልጠው «በእውነት እንዲህ ይላልን?» ብለው ማመሳከር አይችሉም። ለእነርሱ የዚያ ዕለት መጽሐፍ ቅዱስ ማለት ከአንባቢው አፍ የወጣው ቃል ነው። አንድ ነጋዴ ዓይኑ ለማያይ ሰው እህል ሲሰፍር ቁናውን ቢያጎድል፥ ጥፋቱ ለሚያይ ሰው ካጎደለው ይልቅ ይከብዳል፤ ገዢው በእምነት ቆሟልና። አንባቢም እንዲሁ ነው። የያዘው የሌላ ሰው እህል ነው፤ ሰፋሪ እንጂ ባለቤት አይደለም። ስለዚህ በደንብ ማንበብ በመጀመሪያ ደረጃ የታማኝነት ሥራ ነው፤ ማማሩ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ይህ ከእኛ የመነጨ አዲስ ሐሳብ አይደለም። በነህምያ መጽሐፍ ምዕራፍ 8 ካህኑ ዕዝራ በእንጨት መረባርብ ላይ ቆሞ ከማለዳ እስከ ቀትር ሕጉን ለሕዝቡ እንዳነበበ ተጽፏል። ንባቡ የተጣራ ነበር፤ ሌዋውያንም ሕዝቡ እንዲያስተውል ያስረዱ ነበር። ሕዝቡም አለቀሰ። ያስለቀሰውም የተነበበውን ቃል መስማቱ ነው። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ደግሞ ኢትዮጵያዊው ጃንደረባ በሠረገላው ላይ ተቀምጦ የኢሳይያስን መጽሐፍ ሲያነብ እናገኘዋለን። ፊልጶስ ጥያቄውን ሊጠይቀው የቻለው ንባቡን በጆሮው ስለ ሰማ ነው። ጃንደረባው በልቡ ብቻ ያነብ ቢሆን ኖሮ ያ ውይይት በዚያ መንገድ ባልተጀመረ ነበር።

ቤተ ክርስቲያናችንም ለአንባቢ ትልቅ ቦታ ሰጥታለች። ከክህነት ማዕረጋት አንዱ አናጉንስጢስ ይባላል፤ ቃሉ ከግሪክኛ የመጣ ሲሆን ትርጉሙ «አንባቢ» ማለት ነው። በቅዳሴ ጊዜ ዲያቆኑ የጳውሎስን መልእክት፥ ንፍቅ ዲያቆኑ የሌሎቹን ሐዋርያት መልእክት፥ ንፍቅ ካህኑ የሐዋርያትን ሥራ ያነብባሉ። ከዚያም ከዳዊት መዝሙር ምስባክ ይሰበካል፤ ወንጌልም ይነበባል። የዕለቱን ንባብ የሚወስነው ግጻዌ እንጂ የአንባቢው ምርጫ አይደለም። አንባቢው የሚወደውን ብቻ መርጦ እንዳያነብ መከልከሉ ራሱ ባለ አደራ መሆኑን ያስረዳል።

በንባብ ቤት ያለውን ትምህርትም እንመልከት። ተማሪው ፊደል ከቆጠረ በኋላ መጀመሪያ በግእዝ፥ ቀጥሎ በውርድ ንባብ፥ በመጨረሻም በቁም ንባብ ይማራል። ተነሽ፥ ወዳቂ፥ ተጣይና ሰያፍ የሚባሉትን የንባብ ስልቶች ለይቶ ያውቃል። የኔታ ዓይናቸውን ጨፍነው እየሰሙ ተማሪው አንዲቱን ቃል ያለ ስልቷ ቢያነሣት ወይም ቢጥላት ያስቆሙታል። ይህ ሁሉ ድካም ለጌጥ ብቻ ቢሆን ኖሮ አባቶቻችን ልጆቻቸውን ከዘመድ አርቀው፥ ቁራሽ እያስለመኑ ባላስተማሩ ነበር።

«ይህ ለግእዝ ነው፤ አማርኛማ የአፍ መፍቻችን ስለሆነ ምን ያስቸግራል?» የሚል ቢኖር፥ አማርኛም የራሱ ወጥመድ አለው ብለን እንመልሳለን። ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን ድምፅ ለይቶ አያሳይም። «አለ» ሲላላ ተናገረ ማለት ነው፤ ሲጠብቅ ግን መኖርን ያመለክታል። «ይሰማል» የሚለውም ሲላላ ሰሚውን፥ ሲጠብቅ የሚሰማውን ነገር ይናገራል። «እግዚአብሔር ይሰማል» ተብሎ ቢጻፍና አንባቢው ያለ ቦታው ቢያጠብቀው፥ ጸሎት የሚሰማው አምላክ ድምፁ የሚሰማ አምላክ ሆነ ማለት ነው። ሁለቱም መልካም ቃል ናቸው፤ የተጻፈው ግን አንዱ ነው።

ሁለተኛው ወጥመድ ከዚህ ይብሳል። በአማርኛ ግሥ የሚመጣው በዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ነው። መደረጉም አለመደረጉም የሚታወቀው በዚያው ነው። ብዙ አንባቢዎች ዓረፍተ ነገሩን በኃይል ይጀምሩና መጨረሻው ላይ ትንፋሽ አጥሯቸው ድምፃቸውን ይውጡታል። ያን ጊዜ ከኋላ ያለችው እናት «ይጠፋል» ይሁን «አይጠፋም» ሳትለይ ትቀራለች። ሞንታርቦ ቢተከል እንኳ ይህን አያድንም፤ የተዋጠውን ቃል መልሶ ሊያወጣው አይችልምና። በተለይ የቅዱስ ጳውሎስ መልእክታት ረጃጅም ዓረፍተ ነገሮች ስላሏቸው የት እንደሚተነፈስ አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል።

አንዳንድ ሰዎች «እግዚአብሔር የሚያየው ልብን ነው፤ ስለ አነባበብ ይህን ያህል መጨነቅ ከንቱ ነው» ይላሉ። እግዚአብሔር ልብን ማየቱ እውነት ነው። ነገር ግን ያን ዕለት በፊታችን የቆመው ሰው ልባችንን አያይም፤ የሚሰማው አፋችንን ነው። ቅዱስ ጳውሎስም ለቆሮንቶስ ሰዎች ሲጽፍ በማኅበር መካከል ከማይታወቅ እልፍ ቃል ይልቅ ሌላውን የሚያስተምር አምስት ቃል መናገርን መርጧል። ቅን ልብ አለኝ እያሉ ለወንድም ጆሮ አለመጠንቀቅ፥ ቅንነትን ለስንፍና መሸፈኛ ማድረግ ነው።

በሌላ በኩል ደግሞ ንባብን ለመታየት የሚያደርገው ሰው አለ። ድምፁን ያለ ቦታው ያስረዝማል፤ በየቃሉ ይንቀጠቀጣል። ምእመናኑም ሲወጡ «እንዴት ያለ ድምፅ ነው!» ይላሉ፤ ምን እንደ ተነበበ ግን አያስታውሱም። ሰነፉ ቁናውን ሲያጎድል፥ ይህኛው እህሉን ወስዶ ቁናውን ብቻ ያሳያል።

ይህ ጥያቄ የእኛ ብቻ አይደለም። በካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን የሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1963 ባወጣው ሰነድ ከላቲን ሌላ ሕዝቡ በሚሰማው ቋንቋ መጠቀምን አሰፋ፤ ቅዱሳት መጻሕፍት በቤተ ክርስቲያን ሲነበቡ የሚናገረው ክርስቶስ ራሱ እንደ ሆነም አስተማረ። እ.ኤ.አ. በ1972 የአንባቢነት አገልግሎት ካህን ላልሆኑ ወንዶች፥ በ2021 ደግሞ ለሴቶች በይፋ ተፈቀደ። ሥርዓቱ ከእኛ ቢለይም ትምህርት እናገኝበታለን፤ ቃሉ በሚሰማ ቋንቋ መነበቡ ብቻ አይበቃም፤ አንባቢ በበዛ መጠን ዝግጅቱም መብዛት አለበት።

እንግዲህ ምን እናድርግ? በቅዳሴ የሚያገለግሉት ዲያቆናት ወንድሞቻችን፥ በጉባኤያችን የምናነብም ወንዶችና ሴቶች፥ ንባቡን በዋዜማው እንፈልገው። ሦስት ጊዜ ድምፅ አውጥተን እናንብበው። የሚጠብቀውንና የሚላላውን እንለይ፤ እንደ ናቡከደነፆር ያሉትን ስሞች አፋችንን እናስለምዳቸው፤ ያልገባንን መምህራንን እንጠይቅ። ስናነብም መጨረሻዋን ቃል እንደ መጀመሪያዋ እናክብራት። ተሳስቶ ባነበበ ልጅ አንሣቅበት፤ ለብቻው ጠርተን እናቃናው። ዛሬ ተስቆበት የሸሸ ልጅ ነገ ወደ አትሮንሱ አይመለስም።

«ከአፍ ከወጣ አፋፍ» ይላሉ አባቶቻችን። የተነበበም ቃል አይመለስም፤ ከሰሚው ጋር ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ በኀዘኑና በደስታው ቀን ያስታውሰዋል። ስለዚህ የተሰጠንን ሳናጎድል፥ የራሳችንንም ሳንጨምር እንድናደርስ እግዚአብሔር አምላካችን ይርዳን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።