ለማን ነው የምንጽፈው?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን፡፡



ቅዱስ ጳውሎስ በጲስድያ አንጾኪያ ምኵራብ ሲያስተምር ነገሩን የጀመረው እስራኤል ከግብፅ ከወጡበት ነበር፤ በመሳፍንት፣ በሳሙኤል፣ በሳኦልና በዳዊት አልፎ ወደ ጌታችን ደረሰ (የሐዋ. 13)፡፡ አድማጮቹ ሕግና ነቢያት ሲነበብላቸው ያደጉ ናቸውና የዳዊትን ስም ሲሰሙ ልባቸው ይከፈታል፡፡ በልስጥራ ያገኘው ሕዝብ ግን እርሱንና በርናባስን «አማልክት ናቸው» ብሎ ኮርማ ይዞ ሊሠዋላቸው የመጣ ነው፡፡ ለእነዚህ ስለ ዳዊት ቢነግሯቸው «ዳዊት ማነው?» ባሉ ነበር! ስለዚህ ዝናም ስለሚሰጠው፣ እህል ስለሚያጠግበው ሕያው አምላክ ነገሯቸው (የሐዋ. 14)፤ ገበሬ የሚያውቀው ነገር ነውና፡፡ በአቴና ደግሞ ፈላስፎቹን የያዛቸው በራሳቸው መሠዊያና በራሳቸው ባለቅኔዎች ቃል ነው (የሐዋ. 17)፡፡

የገባበት በር ይለያይ እንጂ ቤቱ አንድ ነው፡፡ ሰውን ለማስደሰትም አልነበረም፤ በልስጥራ በድንጋይ ተወግሯል፤ በአቴናም የሙታንን ትንሣኤ ሲያነሣ አንዳንዶቹ ዘብተውበታል፡፡

በጽሑፍም እንዲሁ ነው፡፡ ለሮሜ ሰዎች ዛሬ 16 ምዕራፍ የሆነውን መልእክት የላከ ሐዋርያ፣ ስለ አናሲሞስ ለፊልሞና ሲጽፍ በ25 ቁጥር ይጨርሳል፤ ማዘዝ ሲችል ይለምናል፤ ዕዳ ካለበትም «እኔ እከፍላለሁ» የሚለውን በገዛ እጁ ይጽፋል፡፡

ይህን የምጽፈው ዐዋቂ ሆኜ ሳይሆን በድዬ ነው፡፡ አምና የአክስቴ ልጅ ባረፈ ጊዜ ፈተና ላይ ስለ ነበርኩ ለቅሶ አልደረስኩም፤ አራት ገጽ የማጽናኛ ደብዳቤ በመንገደኛ ላክሁ፡፡ ስለ ምሥጢረ ትንሣኤ ከማስታወሻዬ ገልብጬ፣ ግእዙንም ጨምሬ፣ ከዩኒቨርሲቲ የለመድኩትን «ከዚህ አንጻር ሲታይ» አክዬበት! ስጽፈው ደስ ብሎኝ ነበር፡፡ አክስቴ ማንበብ ስለማይችሉ የጎረቤት ልጅ አነበበላቸው፡፡ ለፋሲካ አገር ቤት ስሄድ ወረቀቱን ከሣጥን አውጥተው፣ «ልጄ፣ ጽሕፈቱስ ብዙ ነው፤ የልጄ ስም ግን የቱ ጋ ነው?» አሉኝ፡፡

አገላብጬ ፈለግሁ፡፡ አልነበረም፡፡

ሐሰት አልጻፍኩም፤ ትምህርቱ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ነው፡፡ ነገር ግን ሐሳቤ ከአክስቴ ጋር አልነበረም፤ «እንዴት ይጽፋል!» የሚለኝን ጓደኛ እያሰብኩ ነበር የጻፍኩት፡፡ በዚህች መጽሔታችንም ብዙ ጊዜ እንዲሁ እናደርጋለን (የእኔ ያለፈው ጽሑፍ ሳይቀር)፤ የ12 ዓመት ልጅ የሚያነበውን ለሊቃውንት ጉባኤ እንደሚቀርብ አድርገን እናከብደዋለን፡፡

ማርታና ማርያም ወንድማቸው አልዓዛር ሲሞት ለጌታችን የተናገሩት አንድ ነገር ነው፤ እርሱ በዚያ ቢኖር ወንድማቸው እንደማይሞት፡፡ ለማርታ ስለ ትንሣኤ አስተማራት፤ ማርያም ስታለቅስ ባየ ጊዜ ግን እርሱም አለቀሰ (ዮሐ. 11)፡፡

ከፋሲካ በኋላ ሌላ ደብዳቤ ለአክስቴ ጻፍኩ፡፡ ግማሽ ገጽ አይሞላም፡፡ በልጃቸው ስም ጀመርኩት፤ ወንዝ ወርደን ዋና ያስተማረኝን ቀን ጻፍኩ፤ በትንሣኤ እንደምናገኘው በአንድ መስመር ጨመርኩ፡፡ የጎረቤታቸው ልጅ ሦስት ጊዜ እንዳነበበላቸው ሰምቻለሁ፡፡