የኃያላን ቁና

ከጎረቤቱ እርሻ ድንበር ገፍቶ የዘራ ሰው በዳኛ ፊት ይቀርባል፤ ወሰኑ ተለክቶ የወሰደውን ይመልሳል፤ በአገሩም ሰው ዘንድ ያፍራል። ይህንኑ ሥራ አንድ ታላቅ መንግሥት ሲፈጽመው ግን ስሙ ይለወጥና «ፖለቲካ» ወይም «የጦር ስልት» ይባላል። እንግዲህ ሰውን ከሰው ጋራ የሚያኖረው የፍርድ ሕግ ከመንግሥታት ድንበር ሲደርስ ያበቃልን? ይህን ጥያቄ ልንመረምረው እንወዳለን።

ያበቃል የሚሉ ሊቃውንት ብዙዎች ናቸው፤ ነገራቸውም በቀላሉ የሚናቅ አይደለም። አንድ ሰው ተበድሎ ቢታገሥ ጉዳቱ የራሱ ስለ ሆነ ትዕግሥቱ ያስመሰግነዋል። የመንግሥት መሪ ግን የሚጠብቀው የሌላውን ሕይወት ነው፤ በአደራ የተቀበለውን ሕዝብ ለራሱ ትሩፋት ሲል አሳልፎ ሊሰጥ አይችልም። በመንግሥታት ላይ ፈርዶ ፍርዱን የሚያስፈጽም ዳኛ እስከሌለ ድረስ፥ እያንዳንዱ የራሱንና የባላጋራውን ኃይል እየመዘነ መኖር ግድ ይሆንበታል ይላሉ።

የግሪኩ የታሪክ ጸሐፊ ቱሲዲደስ ይህን አሳብ በአቴናውያን አፍ አኑሮታል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ416 ዓመት አቴናውያን ሜሎስ የምትባለውን ትንሽ ደሴት ከበው፥ ስለ ፍርድ መነጋገር የሚገባው በኃይል ለተተካከሉት ብቻ ነው በማለት እንድትገብር አዘዟት። ሜሎሳውያን በእውነታቸውና በስፓርታ ርዳታ ተማምነው እንቢ አሉ። ርዳታው አልመጣም፤ ወንዶቹ ተገደሉ፥ ሴቶቹና ልጆቹም ለባርነት ተዳረጉ።

እኛ ኢትዮጵያውያን ግን ይህን ነገር ከግሪክ መጻሕፍት መማር አላስፈለገንም። አገራችን በ1916 ዓ.ም. የመንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን፥ አንዱ ሲጠቃ ሁሉም እንደ ተጠቃ ይቈጠራል የሚለውን ቃል ኪዳን አምና ገብታለች። ነገር ግን በሚያዝያ 1927 ዓ.ም. እንግሊዝና ፈረንሳይ ጀርመንን ለመግታት በስትሬዛ ከሙሶሊኒ ጋራ ተስማምተው ነበርና፥ መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢጣልያ ጦር መረብን ሲሻገር ይህን ወዳጅ እንዳያጡ ሠጉ። ማኅበሩ የንግድ እገዳ ቢፈርድም ነዳጅ ዘይት ከእገዳው ውጭ ቀረ፤ ወታደርና መሣሪያ የጫኑት መርከቦች የሚያልፉበት የስዌዝ ቦይም አልተዘጋም። በኅዳር መጨረሻ የእንግሊዙ ሳሙኤል ሆርና የፈረንሳዩ ፒየር ላቫል በምሥጢር ተገናኝተው ከትግራይ፥ ከደንከልና ከኦጋዴን ብዙ አገር ለኢጣልያ እንዲሰጥ አሰቡ። በካርታ ላይ መስመር መሳብ ቀላል ነው፤ በመስመሩ ውስጥ ያለው ባላገር ግን አልተጠየቀም። ምሥጢሩ ወጥቶ የእንግሊዝ ሕዝብ ቢቈጣ ሆር ሥልጣኑን ለቀቀ፤ ሆኖም በሐምሌ 1928 ዓ.ም. እገዳው ጨርሶ ተነሣ።

ትርፉስ ምን ሆነ? በጥቅምት 1929 ዓ.ም. ሙሶሊኒ ከሂትለር ጋራ ተወዳጀ፤ ሰኔ 3 ቀን 1932 ዓ.ም. በእንግሊዝና በፈረንሳይ ላይ ጦርነት ዐወጀ። በሌላው ርስት ሊገዛ የታሰበው ወዳጅ አምስት ዓመት እንኳ አልቈየም። ስሌቱ የሳተው መርከቡንና መድፉን ቈጥሮ መታመንን ስላልቈጠረ ነው፤ ቃል ኪዳኑን አንድ ጊዜ የሸጠ ሰው ሁለተኛ ቢምል ማን ይፈራዋል? አቴናውያንም በ405 ዓመት መርከቦቻቸው በጠፉባቸው ጊዜ፥ በሜሎስ ላይ ያደረጉት በእነርሱ ላይ እንዳይደርስ እየፈሩ ሌሊቱን ያለ እንቅልፍ እንዳሳለፉት ዜኖፎን ጽፏል። በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም።

ይህን ስንል ዘዴና ጥንካሬ አያስፈልጉም ማለታችን አይደለም። ጠባቂ የሌለው ፍርድ አጥር እንደሌለው አዝመራ ነው። በ1937 ዓ.ም. በተፈረመው የተባበሩት መንግሥታት ቻርተር እንኳ አምስት መንግሥታት እያንዳንዳቸው የጸጥታውን ምክር ቤት ውሳኔ በአንድ ድምፅ ሊያግዱ ሥልጣን አላቸው። ስለዚህ ትንሽ አገር ለራሷ ልትነቃ ይገባታል፤ የምትከፍለውንም ዋጋ ከገዛ ኪሷ እንጂ ከደካማ ጎረቤቷ ልትከፍል አይገባትም።

ይልቁንም መጠቃት ብቻውን ጻድቅ አያደርግም። ደካማ ሁሉ ስለ ፍርድ ይጮኻል፤ ጩኸቱ እውነተኛ መሆኑ የሚታወቀው ኃይል ባገኘ ጊዜ ነው። በ1928 ዓ.ም. በጄኔቭ የተነፈግነውን ፍርድ ዛሬ ከእኛ ለሚያንሰው እንሰጠዋለንን? ይህ ጥያቄ ለመሪዎች ብቻ የቀረበ አይደለም፤ በየጽሕፈት ቤቱ ብዕር ይዘን፥ ያልጠየቅነውን ሰው ነገር በወረቀት ላይ ለምንወስን ሁሉ ጭምር ነው።