በሄሮድስ ፊት ዝም ያለው ጌታ



ሄሮድስ ጌታችንን በማየቱ እጅግ እንደ ተደሰተ ቅዱስ ሉቃስ በምዕራፍ 23 ይተርክልናል። ደስታው ግን የአማኝ ደስታ አልነበረም፤ ተአምር ለማየት ይጓጓ ነበርና ጥያቄ ያዥጎደጉድበት ጀመር። ኢየሱስ አንዲት ቃል እንኳ አልመለሰለትም። መልስ አጥቶ ነውን? ጲላጦስ ስለ መንግሥቱ ሲጠይቀው መልሶለታል። ኒቆዲሞስ በሌሊት በመጣ ጊዜማ ስለ ዳግም ልደት በሰፊው አስተምሮታል። ሄሮድስ የፈለገው ትርኢት ነበር፤ ጌታም ትርኢት ሊሆንለት አልፈቀደም።

ይህን ዝምታ ዛሬ እንድናሰላስለው የሚያስገድደን በእጃችን የያዝነው ስልክ ነው። በፌስቡክና በቴሌግራም ስለ እመቤታችን፣ ስለ ቅዱሳን አማላጅነት፣ ስለ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሥልጣን ሲከራከሩ የሚያድሩ ወንድሞችና እኅቶች አሉን። አጀማመራቸው በመንፈሳዊ ቅንዓት መሆኑን አንክድም። ሦስተኛው ወይም አራተኛው ምላሽ ላይ ሲደረስ ግን ጥያቄው ይረሳና የሰውየው አላዋቂነት፣ ዘሩ፣ ወላጆቹ ሳይቀሩ ይነሣሉ። ቅዳሜ ሌሊት እንዲህ የጻፈ መምህር እሑድ ጠዋት በሕፃናት ፊት ይቆማል፤ ምናልባትም ከመካከላቸው አንዱ አንብቦታል። ስለ ስምንተኛው ትእዛዝ ምን ብሎ ያስተምረው? ነፍሰ ኄር ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ እ.ኤ.አ. በ2018 ስለ ቅድስና ባወጡት ሐዋርያዊ ምክር፣ ሌሎቹን ትእዛዛት እንጠብቃለን እያሉ ይህንኑ ስምንተኛውን የሚዘነጉ ክርስቲያኖች መኖራቸውን በኀዘን ጠቅሰዋል።

እኛን ይበልጥ የሚያሳስበን ተከራካሪው አይደለም፤ እርሱስ ቢያንስ ሐሳቡን ይናገራል። የሚያሳስበን ምንም ሳይጽፍ የሚያነበው፣ እግዚአብሔርን ሲፈልግ ስድብ አግኝቶ በጸጥታ የሚመለሰው ወጣት ነው።

አቡነ ያዕቆብ የምንላቸው ቅዱስ ዮስጢኖስ ደ ያኮቢስ እ.ኤ.አ. በ1839 ዐድዋ ሲገቡ፣ አገሪቱ በነገረ መለኮት ክርክር የተከፋፈለች ነበረች። እርሳቸው ቋንቋውን ተማሩ፣ የአገሩን ልብስ ለበሱ፣ ከሕዝቡ ጋር ኖሩ። እ.ኤ.አ. በ1841 ጳጳስ ለማምጣት ወደ ግብፅ ከሚሄዱት የኢትዮጵያ ልዑካን ጋር ሲጓዙ፣ ከልዑካኑ አንዱ ብዙ የመረመሩት መነኩሴ አባ ገብረ ሚካኤል ነበሩ። ሁለቱ በአንድ መንገድ ደክመዋል፣ በአንድ ባሕር ተጉዘዋል። አባ ገብረ ሚካኤል ወደ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የተቀበሉት ግን እ.ኤ.አ. በ1844 ነው። ሦስት ዓመት! እኛ ለአንድ ምላሽ ሦስት ደቂቃ መታገሥ አቅቶናል።

ዝምታ ሁሉ ቅዱስ ነው ማለታችን አይደለም፤ በንቀት ዝም የሚልም አለና። የንጹሕ ሰው ስም ሲጠፋ እውነቱን አንድ ጊዜ፣ በአጭሩና ያለ ስድብ መመስከር ይገባል። ከዚያ በኋላ ስልኩን ማስቀመጥ ነው። በእውነት የሚጠይቅ ሰው ሲገኝ ደግሞ ሕዝብ ከሚመለከተው ስፍራ ለብቻው አውጥተን፣ ቢቻል ቡና ጋብዘን፣ የማናውቀውን አናውቅም እያልን እንስማው።

ኒቆዲሞስ በዚያች ሌሊት አምኛለሁ ብሎ ስለ መሄዱ ወንጌል አይነግረንም። ጌታ በተሰቀለ ዕለት ግን፣ ደቀ መዛሙርቱ በተበተኑበት ሰዓት፣ መቶ ንጥር ያህል ከርቤና እሬት ይዞ መጣ።