ሕመምን መሸሸግ ትዕግሥት ነውን?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን፣ በዚህ በስደት አገር ኩላሊታቸው ደክሞ በሳምንት ሦስት ጊዜ፣ በየጊዜውም አራት ሰዓት ያህል ደማቸው በመሣሪያ የሚታጠብላቸው ወገኖች አሉን። ስዊድናዊው ሐኪም ኒልስ አልቫል በ1946 እ.ኤ.አ. በሉንድ ከተማ ሕሙማንን በሰው ሠራሽ ኩላሊት ማከም ከጀመረ ወዲህ ይህ ሕክምና የብዙዎችን ዕድሜ አራዝሟል። ሕመሙን ግን ሁሉ አላስወገደም፤ የአጥንት ቁርጥማት፣ የጡንቻ መኮማተር፣ የእግር ማቃጠል ከብዙዎቹ ጋር አብሮ ይኖራል።

ነርሷ «ሕመምዎ ከ0 እስከ 10 ቢመዘን ስንት ነው?» ብላ ስትጠይቅ፣ ሌሊቱን እንቅልፍ በዐይኑ ያልዞረ ሰው «ተመስገን፣ 2 ቢሆን ነው» ይላል። «ሆድ ይፍጀው» እየተባልን አድገናልና፤ መናገር ማጉረምረም፣ መድኃኒት መለመንም የእምነት ጉድለት ይመስለናል። ይህ ዝምታ በእውነት ክርስቲያናዊ ትዕግሥት ነውን?

ጻድቁ ኢዮብ የትዕግሥት አብነት ነው። ሆኖም ቁስሉንና የሌሊቱን ርዝመት አልሸሸገም፤ በግልጽ ተናገረ እንጂ። ትዕግሥቱ ዝም ማለቱ ሳይሆን ከአምላኩ አለመለየቱ ነበር።

«ጌታችን በዕለተ ስቅለት ከርቤ የተቀላቀለበትን ወይን አልተቀበለም» የሚል ይኖራል። እውነት ነው። ነገር ግን ስለ እኛ በፈቃዱ የተቀበለውን ሕማም በሕሙማን ላይ ሕግ አድርጎ አልጫነም፤ ፈውስ ፈልገው የመጡትን «ቻሉት» ብሎ አልሸኛቸውም። በምሳሌውም ደጉ ሳምራዊ በቁስለኛው ላይ ዘይትና ወይን አፈሰሰ። መጽሐፈ ሲራክም ሐኪምን እንድናከብር፣ መድኃኒትንም የእግዚአብሔር ስጦታ አድርገን እንድንቀበል ያስተምረናል።

በኩላሊት ሕመም ደግሞ ዝምታው ሌላ አደጋ ይወልዳል። ለሐኪሙ «ደህና ነኝ» ያለው ሰው ቤቱ ገብቶ ያለ ማዘዣ የሚሸጠውን ኢፕረን ወይም ከአገር ቤት የተላከለትን ዲክሎፌናክ ይውጣል። እነዚህ ወደ ኩላሊት የሚደርሰውን ደም ስለሚቀንሱ የተረፈውን አቅም ይጎዳሉ። አልቬዶን በታዘዘው መጠን ሲወሰድ ለኩላሊት ከእነርሱ ይሻላል። ለብርቱ ሕመም የሚሰጠው ሞርፊን እንኳ ትራፊው በደከመ ኩላሊት ምክንያት በሰውነት ውስጥ ስለሚጠራቀም፣ ሐኪሙ ሌላ መድኃኒት መምረጥ ወይም መጠኑን መቀነስ ይኖርበታል። 8 የሆነው ሕመም 2 ከተባለ ግን በምን ይመርጣል? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም መባሉ ለዚህ ነው። ጠበልም ቢሆን፣ የሚጠጣው ውኃ የተመጠነለት ሕመምተኛ በእምነት መጠመቁ እንዳለ ሆኖ፣ የሚጠጣውን መጠን ከንስሐ አባቱና ከሐኪሙ ጋር ይምከርበት።

ስዊድንኛ ያልሰመረለት ወገናችን አስተርጓሚ ይጠይቅ። ልጅ ለወላጁ ባያስተረጉም ይመረጣል፤ በልጇ አፍ የምትናገር እናት ልጇን ላለማሳዘን ሕመሟን ታሳንሳለችና።

እኛ ጤነኞችስ? ሕመምተኛ ስንጠይቅ ትዕግሥትን ለመስበክ አንቸኩል፤ በሌላው ሰው አጥንት መታገሥ ቀላል ነው። ይልቅስ «እንዴት አደርክ?» ብለን እውነተኛውን መልስ እስኪነግረን አጠገቡ እንቀመጥ። ሐኪሙ የሚችለውን ሁሉ አድርጎ የማይወገድ ሕመም ቢቀር፣ የትዕግሥት ቦታው ያ ነው፤ እርሱንም ቢሆን ሕመምተኛው ብቻውን ሊሸከመው አይገባም።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።